ከባዱ ጫፍ

መሪውን ጠምዝዤ አንዱን ጉድጓድ ሳመልጥ ሌላው ውስጥ ዘው አልኩና የተሳፋሪው ሁሉ እርግማን ማጅራቴ ላይ አረፈ። ከቢቸና የወጣነው በጠዋት ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ማግስት ስለነበር ሞጣ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ መናኸሪያውን ወርሮት፣ ሚኒባሴ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞልታለች። ጣሪያው ላይ የጤፍ ጆንያ፣ ከውስጥ ሰው፣ በሰው መሃል ደግሞ አንድ ጎልማሳ የታቀፋት ዶሮ። እኔ የኔሰው በዚህ መንገድ ላይ ስነዳ ኖሬያለሁ፤ ጉድጓዶቹን እንደ ዘመድ አውቃቸዋለሁ። የዚያን ቀን ግን የማላውቃቸው አዳዲሶች ነበሩ፤ እነሱን የቆፈራቸው ዝናብ አይደለም።

"ጎማህን አትመልከት፤ አሻግረህ እይ" አሉኝ ጋቢና ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ።

ሃምሳ አለቃ አምላኩ ይባላሉ። "አቶ አምላኩ" ብሎ የጠራቸው ሰው መልስ አያገኝም። ማዕረጉን የሰጣቸው ጦር ከተበተነ ስንት ዘመኑ፤ እሳቸው ግን መልሱ ያላቸው ስለሌለ አልመለሱም። በዚያ ፀሐይ የካኪ ካፖርታቸውን ደርበው፣ በላዩ ሰፊ የወታደር ቀበቶ ታጥቀው፣ ጭናቸው ላይ በጨርቅ የተለበደች የውሃ ኮዳ አስቀምጠዋል። ሦስቱም ናቅፋ ተራራ ላይ አብረዋቸው የዋሉ ናቸው። ሁለት ጣቶቻቸው ደግሞ እዚያው ተራራ ላይ ቀርተዋል።

ከኋላቸው ልጃቸው ጸደንያ ተቀምጣለች። ሞጣ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር በጦርነቱ መሃል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ስለቀረ፣ መምህራኑ ተሰብስበው እሷን መርጠዋታል። እሷ ደግሞ አልችልም ልትላቸው እየሄደች ነበር። አባቷ የተሳፈሩት ሐሳቧን ሊያስለውጡ ነው። ከቢቸና ጀምረው ያስተምሯታል፤ ደብረ ወርቅን አለፍን፣ ትምህርቱ አላለቀም፤ ቀራንዮን አለፍን፣ ጭራሽ ባሰ።

"አባዬ፣ እኔ ድምፅ የለኝም" አለች ጸደንያ። "አርባ ልጅ ዝም ማሰኘት የሚያቅተኝ ሰው፣ ግቢ ሙሉ ተማሪ ልምራ ነው የሚሉኝ?"

"ማን ጩሂ አለሽ? አንድ የሻለቃ አዛዥ ነበረን። ሲጮህ ተራራው ይመልስለታል፣ ወታደሩ ግን አይሰማውም። ሁሉም ሲጮህ ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ካለ፣ ሰው ምን አለ ብሎ ጆሮውን ይሰጠዋል።"

"ትምህርት ቤት ነው እኮ አባዬ። ምሽግ አይደለም።"

"ምሽጉ ውስጥስ የነበረው ሰው አይደል? ፍየል መሰለሽ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ዶሮዋን የታቀፈው ጎልማሳ ነው። አረቄ የሚነግዱት እትዬ ስንቄ ከኋላ ሆነው፣ "ኸረ ልጅቱን ይተዋት ሃምሳ አለቃ! ተዚህ ሁሉ ምክር ባል ቢፈልጉላት አይሻልም?" አሉ። ጸደንያ ፊቷ ቀላ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቷ ግን በሳቅ የሚፈቱ ሰው አይደሉም።

"ቃሬዛ አንስተሽ ታውቂያለሽ?" ሲሉ ጠየቋት።

"ሴት ደግሞ መቼ ቃሬዛ ታነሳለች?" ብለው እትዬ ስንቄ መለሱላት።

እውነት ነው፤ በኛ አገር ሴት ቃሬዛ አትነካም። ውሃና ጨርቅ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ወንድ የሆነ ግን ቃሬዛ መንገድ ላይ ካገኘው፣ ቢቸኩልም ባይቸኩልም፣ የያዘውን ጥሎ አንዱን ጫፍ ይቀበላል። ተሸካሚው "ተቀበለኝ" ካለው እምቢ የሚባል ነገር የለም። የተሸከሙት ደመኛውን ቢሆን እንኳ እስከሚቀጥለው ተቀባይ ድረስ ይወስደዋል። ይህን ማንም አስተምሮን አያውቅም፤ ሲደረግ እያየን ነው ያደግነው።

"ዳገት ስትወጪ ክብደቱ ያለው ከኋላ ነው" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ቁልቁለት ስትወርጂ ከፊት ይሆናል። አለቃ የሆነ ሰው የሚይዘው ያንን ጫፍ ነው፤ ከዚህ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ሌላው ደግሞ እርምጃ ነው። የተሸካሚዎቹ እርምጃ ካልገጠመ ቁስለኛው ሲናጥ ደሙ ያልቃል። ናቅፋ ላይ አንድ ጊዜ ሁለት ቁስለኛ አጋጠመን። አንደኛው ተራራውን በጩኸት አናወጠው። ሁለተኛው ገብረ ማርያም የሚባል ጓደኛዬ ነው፤ ዝም ብሎ ሰማይ ያያል። የሚጮኸውን ይዘን ወረድን። ስንመለስ ገብረ ማርያም የለም። ያ የጮኸው ሰውዬ የተመታው እግሩ ጣት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጩኸት አልሰማም፤ ደም ነው የማየው። የሚተርፈውን አስቀድሚ፣ ጸደንያ። የምትወጂውን አይደለም። የሚተርፈውን።"

ይህን ሲሉ ማንም አልሳቀም። እኔም ማርሽ ቀየርኩ።

ሞጣ ሊደርሱ ሲሉ አንድ ረጅም ዳገት አለ። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ድንጋይና ግንድ የተጋደመበት ኬላ ይታያል፤ ታጣቂዎች አሉበት። የማን ታጣቂዎች እንደሆኑ አልነግራችሁም። በዚያ ሰሞን የሚያቆምህን ሰው የማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ሞት ነበር። ሹፌር ማንንም ሲያይ ሰላምታ ሰጥቶ ወረቀቱን ያሳያል፤ በቃ። ከመንገዱ በስተግራ፣ ከዳገቱ ሥር፣ በጽድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅጥሩ በነጭ ለባሽ ተሞልቷል። ቀብር ነበር።

ዳገቱን ስንጀምር ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተኩስ ተሰማ። ተሳፋሪው በአንድ ጊዜ ጎንበስ አለ።

"ተነሱ፣ የቀብር ነው" አሉ ሃምሳ አለቃ ሳይነቃነቁ። "አፈሙዙ ወደ ላይ ነው፤ ድምፁ ይለያል።"

ባለ መሣሪያ ሰው ሲቀበር ጓደኞቹ ወደ ሰማይ ይተኩሱለታል። ያለ ተኩስ የተቀበረ ጀግና እንደ ውሻ ተጣለ ይባላል። በዚያ ክፉ ዘመን ይህን ደንብ መተው ነበረብን፤ ማን ይስማ? ሟች ሰባት ጊዜ ቢሞት ተኩሱ አይቀርበትም። ሃምሳ አለቃ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ወደ ዳገቱ ጫፍ አሻቅበው እያዩ ነበር። ኬላው ላይ ሰዎች ሲሯሯጡ ታዩኝ።

"እነዚያ ጽዱ ስለሚከልላቸው ቀብሩን ከላይ ሆነው አያዩትም" አሉ በቀስታ። "ተተኮሰብን ሊሉ ነው። የኔሰው፣ ወደ ቀኝ! ቦዩ ውስጥ ክተታት!"

መሪውን ከመጠምዘዜ በፊት መስታወቱ ፊቴ ላይ ረገፈ።

የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ቆርቆሮው እንደ በረዶ ዝናብ ይንጫጫል። ከጣሪያው የተቀደደው ጆንያ ጤፉን በመስኮት በኩል ያፈሳል። ሚኒባሷ ቦዩ ውስጥ በጎኗ ተኛች፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። በሩን በእግሬ መትቼ ከፈትኩና የቻለ ሁሉ እየተረጋገጠ ወጣ፤ አብዛኛው ወደ ጤፍ ማሳው ሮጠ። ዶሮዋን የታቀፈው ጎልማሳ አልወጣም። አንገቱ ላይ ተመትቶ መቀመጫው ላይ እንዳለ ነው፤ ያ ሁሉ ሳቅ የወጣበት ጉሮሮ ተከፍቷል። ዶሮዋ ከእቅፉ አልወጣችም፤ ደሙ ላይዋ ላይ ይፈሳል፣ እሷ ዝም ብላ ዓይኗን ታንከባልላለች። እስከ ዛሬ ዶሮ ስበላ ይታወሰኛል።

ከሚኒባሷ ሥር፣ ቦዩ ውስጥ፣ ጥቂት ሰዎች ቀረን። አንድ የማር ነጋዴ ክንዱ ተሰብሮ "ሞትኩ! አለቅሁ!" እያለ ይጮኻል። ብሩክታይት የምትባል አዲስ ሙሽራ፣ ሞጣ እናቷን ልትጠይቅ የተሳፈረች፣ ጀርባዋን ለቦዩ ግንብ ሰጥታ ተቀምጣለች። እጅና እግሯ ላይ ያለው እንሶስላ ገና አልደበዘዘም። እሷ አትጮኽም። እትዬ ስንቄና የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር መሪጌታ አካለ ወልድ የማር ነጋዴውን ይዘው ያባብላሉ። ጸደንያ ደግሞ መሃል ቆማለች፤ ሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ነው፤ ዓይኗ ተከፍቷል እንጂ የምታይ አይመስለኝም።

"ጸደንያ" አሉ አባቷ። ጋቢናው በር ሥር ተደግፈው ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸትና ተኩስ መሃል ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። "ጸደንያ፣ ልጄ። ደም የት አለ?"

እጆቿን ከጆሮዋ አወረደች። ዞር ዞር ብላ አየች። የማር ነጋዴውን አልፋ ብሩክታይት ዘንድ ተንበረከከችና ቀሚሷን ገለጠች። ደሙ ከጭኗ ወደ ውጭ እየዘለለ ነበር የሚወጣው።

"ቀበቶ!" አለች።

ሃምሳ አለቃ ቀበቷቸውን ፈተው ወረወሩላት። ከቁስሉ በላይ አሰረችው፤ አልበቃ ሲላት የጎማ መፍቻዬን ተቀብላ አስገብታበት ጠመዘዘችው። ብሩክታይት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች፤ ደሙም ቀነሰ።

"እንዲህ ነው" አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ከዚያም ወደ ጎን ዘንበል አሉ።

ቀበቶው ሲፈታ ካፖርታቸው ተከፍቷል። ሆዳቸው ላይ ከእምብርታቸው ወረድ ብሎ ተመትተዋል። ጸደንያ ስታይ "ወይኔ አባዬ!" ብላ በጉልበቷ እየዳኸች ሄደች። ጋቢዬን ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ቁስሉ ላይ ጫነችው። ወዲያው ቀላ። ኮዳቸውን አንስቼ ልሰጣቸው ስል እጄን ያዙኝ።

"ሆዱን የተመታ ሰው ውሃ አይጠጣም። ለራስህ ጠጣ፣ ከንፈርህ ደርቋል" አሉኝ። ሳቁ ደግሞ! ሰውዬው በዚያ ሰዓት በእኔ ይስቃሉ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ከማሳው ዳር አጥር ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ነቅዬ መጣሁ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰጡ፤ ቃሬዛ ሠራን። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን ሁላችንም ቆመን ተያየን። የሚሸከም ሰው የተረፈው እኔ፣ መሪጌታ፣ ጸደንያና እትዬ ስንቄ ብቻ ነው። ይህም ሴቶቹ ከተሸከሙ ነው። አራት ሰው አንድ ቃሬዛ ነው የሚያነሳው። ቁስለኞቹ ሁለት ናቸው።

"አባዬን አንሷቸው" አለች ጸደንያ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"አንሷቸው እኮ ነው የምላችሁ! የኔሰው!"

"ጸደንያ" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ወደኔ እይ። እኔን ሐኪም ዘንድ ብታደርሱኝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ብዙ አይቻለሁ። ይቺ ልጅ ግን ቶሎ ከደረሰች ትተርፋለች።"

"አላውቅም! እርስዎም አያውቁም! ሐኪም ነዎት?"

"አይደለሁም። አባትሽ ነኝ። ላዝሽም እችል ነበር፤ ግን አላዝሽም። መራጩ አንቺ ነሽ።"

"ለምን እኔ?" ብላ አለቀሰች። "ለምን እኔ እመርጣለሁ? ለምን እርስዎ አያዝዙም?"

"እኔማ እዚህ ነው የምቀረው። ከእነሱ ጋር የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ማን ይምረጥ? ሹፌሩ?"

በሌላ ጊዜ ቢሆን ስድብ ነበር። ያኔ ግን እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ተሰነጠቀ። ጸደንያ አባቷን አየች፤ ብሩክታይትን አየች። የሙሽራዋ ከንፈር ነጥቷል፤ እንሶስላ የነካው ጣቷ ሣር ጨብጧል። ጸደንያ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሳቸውም ሦስት ጣት ባለው እጃቸው ጭንቅላቷን ያዙ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግሁም። ስትነሳ ፊቷ በእንባና በደም ተጨማልቆ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሏል።

"ብሩክታይትን አንሱ" አለች። "መሪጌታና እትዬ ስንቄ ከፊት ያዙ። የኔሰው ከእኔ ጋር ከኋላ።"

"ኸረ እኔ ቃሬዛ ነክቼ አላውቅም፤ ሴት አይደለሁም ወይ?" አሉ እትዬ ስንቄ።

"እኔም ነክቼ አላውቅም እትዬ። ይያዙ።"

እትዬ ስንቄ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና ያዙ።

"አንተ ማር ነጋዴ" አሉ ሃምሳ አለቃ፤ "አንተ ከእኔ ጋር ተረኛ ጠባቂ ነህ። በል ጩኸቱን ቀንስና ካፖርቴን አልብሰኝ፤ በረደኝ።" ማር ነጋዴው ጩኸቱን ትቶ በደህና እጁ ካፖርቱን ደረበላቸው።

ከቦዩ ወጥተን ዳገቱን ጀመርን። ሌላ መንገድ የለም፤ ሞጣ ከዳገቱ ማዶ ነው። ወደሚተኩሱብን ሰዎች ነበር የምንሄደው። ክብደቱ ሁሉ ወደ እኔና ወደ ጸደንያ ወረደ። አጣናው ያልተላገ ስለሆነ ቅርፊቱ ትከሻ ይልጣል። የሷ ትከሻ ቀጭን ነው፤ ጠመኔ እንጂ ግንድ ተሸክሞ አያውቅም። "ግራ... ቀኝ... ግራ... ቀኝ..." ትላለች፤ ለብቻዋ የምታወራ ይመስላል። እኛም ያንን ለመስማት ስንል እርምጃችን ገጠመ።

ሁለት ጊዜ ተተኮሰብን። የመጀመሪያው እግራችን ሥር አቧራ አነሳ። ቃሬዛውን ጥዬ ልተኛ ጉልበቴ ታጠፈ፤ ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም፣ ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

"የኔሰው" አለች ያው ዝቅ ያለ ድምፅ፤ "አንተ ካስቀመጥክ እሷ ትሞታለች። አባዬን ደግሞ በከንቱ ትቻቸዋለሁ። ግራ... ቀኝ..."

ጉልበቴን አቃናሁ።

ሁለተኛው ጥይት መሪጌታን ክንዳቸው ላይ አገኛቸው። እጀ ጠባባቸው ተቀደደ፣ ደሙ በክርናቸው ወረደ። ቃሬዛው ወደ ግራ ዘመመ፤ ብሩክታይት አቃሰተች። መሪጌታ "አልወደቅሁም! አልወደቅሁም!" እያሉ አጣናውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩና ዳዊታቸውን መድገም ጀመሩ። እትዬ ስንቄ ደግሞ የተኳሹን እናት፣ አያትና ዘር ማንዘር እየጠሩ ይሳደባሉ። በአንድ ቃሬዛ ፊት ዳዊትም ስድብም ነበር።

ኬላው ጋ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ክላሹን ደግኖ መንገዱ መሃል ቆመ። ጓዶቹ "ኃይለ ሚካኤል፣ ከመንገድ ውጣ!" እያሉ ይጮኻሉ። አለቃቸው እሱ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው።

"ቁሙ! አስቀምጡ! እጅ ወደ ላይ!"

እጃችንን እንዴት እናንሳ? ቃሬዛ ይዘናል። መሪጌታ አልቆሙም፤ አፈሙዙ ደረታቸውን እስኪነካ ሄዱና እዚያ ቆሙ።

"አስቀምጡ ብያለሁ! ከታች ማነው የተኮሰው?"

"ወንድሜ" አለች ጸደንያ ከኋላ፤ "ተቀበለኝ።"

"ምን አልሽ?"

ሊሰማት አልቻለምና ጩኸቱን አቆመ። ጓዶቹም ዝም አሉ።

"ተቀበለኝ። ትከሻዬ አልቋል።"

ኃይለ ሚካኤል አያት። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ከዚያ ቃሬዛው ላይ ያለችውን አየ፤ እንሶስላውን አየ፤ የወታደር ቀበቶው የታሰረበትን ጭን አየ። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። እኔ የማየው ያንን ጣት ብቻ ነው። እናቱ ያሳደገችው ልጅና ጦርነቱ የሠራው ሰው እዚያች ጣት ላይ ሲታገሉ ቆዩ። ከዚያ ክላሹን ወደ ጀርባው አዞረና፣ ዞሮ መጥቶ፣ ከጸደንያ ትከሻ ላይ አጣናውን ተቀበለ። ወዲያው ሌሎቹም ከግንዱ ኋላ ወጡ፤ አንዱ የመሪጌታን፣ አንዱ የእትዬ ስንቄን፣ አንዱ የእኔን ጫፍ ወሰደ። ማንም አላዘዛቸውም።

"ማነው የመታት?" አለ ኃይለ ሚካኤል።

"እናንተ" አለች።

"ከታች እኮ ተኮሱብን! የተኩሱን መዓት አልሰማሽም?"

"ቀብር ነው" አሉ መሪጌታ ክንዳቸውን ይዘው። "የሟች ክብር ነው። አንተ የማን አገር ሰው ነህ፣ ይህን የማታውቅ?"

ኃይለ ሚካኤል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየ። ነጭ ለባሾቹ ከጽዱ ሥር እየወጡ ወደ ሚኒባሷ ይሮጡ ነበር። አንገቱን ደፋ። "የዚሁ አገር ሰው ነኝ" አለ ዝግ ብሎ።

ኬላው ላይ ፒክአፕ ነበራቸው። ብሩክታይትን ጭነው፣ እትዬ ስንቄና መሪጌታ አብረው ወጥተው፣ መኪናዋ ወደ ሞጣ ሆስፒታል በረረች። ጸደንያ ለመሄድ እግሯን እንኳ አላነሳችም። "ታች አባቴ አለ" አለችና ቁልቁለቱን ስትሮጥ እኔ ተከተልኳት፤ ኃይለ ሚካኤልና ሰዎቹም ከኋላዬ።

ግማሽ መንገድ ላይ አገኘናቸው። ቀባሪዎቹ ሟቻቸውን ያወረዱበትን ባዶ ቃሬዛ ይዘው መጥተው፣ ሃምሳ አለቃን አንስተው ዳገቱን እየወጡ ነበር። ጠመንጃቸው በየትከሻቸው ተንጠልጥሏል። ማር ነጋዴው ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ ከጎን ይራመዳል። ካፖርቱ የሃምሳ አለቃን ፊት ሸፍኖታል።

ጸደንያ ቆመች። ካፖርቱን ገልጣ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አየችና መልሳ ሸፈነችው። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰውዬውን የማውቃቸው ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ ነው።

"ዳገቱን ስትወጡ ሲያዩሽ ነበር" አላት ማር ነጋዴው። "ዓይኔ ደከመ፣ ከፊት ናት ከኋላ? ብለው ጠየቁኝ። ከኋላ ናት አልኳቸው። ደጋግመው አስማሉኝ። ከኋላ ናት፣ አምላክን ስል፣ ምዬ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ በል ጀርባዬን ቦዩ ዳር ያለው ዛፍ ላይ አስደግፈኝ፣ ሌላ አልፈልግም አሉኝ።"

ቃሬዛው ወደ ላይ ቀጠለ። ከቀባሪዎቹ ኋለኛው ላብ አጥምቆት "ተቀበሉኝ" ሲል፣ የቀረበው ኃይለ ሚካኤል ነበር። ጫፉን ያዘ። ከዚያ የተሸከመው የማንን አባት እንደሆነ ትዝ ቢለው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሊለቀው ግን አልቻለም፤ የያዘ ሰው ተቀባይ ሳያገኝ አይለቅም። ያኔ ድንጋይ አነሳሁ፤ ጭንቅላቱን ልለው እጄ በላኝ። ከቀባሪዎቹ አንዱም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ የማን ጥይት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። የሚያስፈልገው አንድ የጸደንያ ቃል ነበር። ዓይኗ ውስጥ ያንን ቃል አየሁት፤ እዚያ ነበር። አለመኖሩን የሚነግራችሁ ሰው ካለ ይዋሻል።

እሷ ግን ዝም ብላ እስከ ዳገቱ ጫፍ ተከተለች። ከጫፉ ላይ የሞጣ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ቃሬዛው ሲዘቀዝቅ ክብደቱ ወደ ፊት ሄደ። ተሸካሚዎቹ ቦታ ሲለዋወጡ ኃይለ ሚካኤል ከፊት በስተቀኝ ደረሰው። ጸደንያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ በስተግራ ከፊት የያዘውን ሽማግሌ ቀባሪ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

"አንቺ ልጄ፣ ሴት..." ብሎ ጀመረ ሽማግሌው።

"ይለፉ አባቴ።"

አለፈ። የተላጠውን ትከሻዋን አጣናው ሥር አስገባች፤ ደሙ በቀሚሷ ላይ እንደገና ታየ። አሁን ጎን ለጎን ናቸው፤ እሷና አባቷን የገደለው ሰው። ጠመንጃውን ያወረደው ቀባሪ ይጠብቃል፤ እኔ ድንጋዬን ይዣለሁ፤ የኃይለ ሚካኤል እግር እየተንቀጠቀጠ ቃሬዛው ይወዛወዛል።

ዞራ አላየችውም። ፊቷን ወደ ሞጣ እንዳደረገች፣ ለመስማት አንገታችንን እስክናሰግግ ድረስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አባቴን አታናውጥብኝ" አለችው። "እርምጃህን ከእኔ ጋር አስተካክል። ግራ..."

እሱም አስተካከለ። ቀባሪው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ እኔም ድንጋዬን ጥዬ የኋላውን ጫፍ ልቀበል ሄድኩ።